ራቁቱን የገባው ኮምፒውተር

በዚህ አገር ብቻውን ገበያ ወጥቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው የለም። ከጀርባው ሁልጊዜ አንድ "የሚያውቅ ሰው" አለ። በሬ ሲገዛ ጥርሱን የሚያይለት፣ ቤት ሲገዛ ግድግዳውን የሚያንኳኳለት፣ ስልክ ሲገዛ ደግሞ ገልበጥ አድርጎ "ኮፒ ነው፣ ተወው" የሚለው። ይህ ሰው ኮሚሽን አይቀበልም። ሻይ ሲጋብዙት እንኳ ስኳሩ በዛ ብሎ ያማርራል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ በሌለበት ምንም ነገር እንዳይገዛ። ሌሎች ከተሞች በየሰፈሩ አንድ አንድ አላቸው ይባላል። ሚዛን ተፈሪ ግን ከጎረቤት ከተማዋ ከአማን ጋር በአንድ ተብቃቅታ ትኖራለች፤ በክቡር ኢንጂነር ሲሞን።

ኢንጂነርነቱን ማን እንደሰጣቸው የሚያውቅ የለም። እሳቸው አልጠየቁም፤ ሲጠሯቸውም "ኧረ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም" ብለው አያውቁም። ሥራቸው የቡና መፈልፈያ ሞተር መጠገን ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ቡናው ሲደርስ፣ ከሞተር ሥር አይወጡም። በቀሩት ወራት ግን እጃቸውን በሳሙና ፈትገው ወደ ገበያው ይወጡና የሰው ገንዘብ ሲጠብቁ ይውላሉ። ኮምፒውተር የተማሩት ጅማ ሄደው በስድስት ወር ኮርስ ነው። ከስድስቱ ወር ሁለቱን ከአስተማሪው ጋር ሲከራከሩ እንዳሳለፉ በኩራት ይናገራሉ።

ብርሃነመስቀል የሚባል ልብስ ሰፊ አንድ ጊዜ ቴሌቪዥን ሊገዛ ቴፒ ድረስ ይዟቸው ሄደ። ሦስት ቀን ከርመው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ኢንጂነሩ "ዕቃው መጥፎ ነበር እንዴ?" ተብለው ሲጠየቁ፣ "ዕቃውስ ደህና ነበር" አሉ። "ሻጩ ግን ቶሎ ቀነሰ። ቶሎ የሚቀንስ ሰው አንድ የሚያውቀው ነገር አለ።" ብርሃነመስቀል እስከ ዛሬ ኳስ የሚያየው ጎረቤት ሄዶ ነው። ሆኖም "ኢንጂነሩ ባይኖሩ አልቆልኝ ነበር" ይላል፤ ከምን እንደተረፈ ግን አያውቅም።

አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ አሥር ኮምፒውተር በጨረታ ገዝቶ የርክክብ ሥነ ሥርዓት አዘጋጀ። ኢንጂነሩ አልተጠሩም፤ በበሩ ሲያልፉ የተሰበሰበ ሰው አዩና ገቡ። መድረክ ላይ ንግግር ሲደረግ እሳቸው ከኋላ ሆነው ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ብድግ እያደረጉ መልሰው ያስቀምጡ ጀመር። ሰባተኛው ላይ ቆሙ። "ይሄኛው ቀለለኝ" አሉ፣ በአርባ ሰው ፊት፣ ንግግሩን አቋርጠው። ካርቶኑ ሲከፈት ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ርክክብ ሲኖር አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ቀድሞ ይጠራቸዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሩን ቀድሞ ይዘጋል።

እንግዲህ ጽጌሬዳ በ2005 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ላይ የሄደችው እኚህ ሰው ዘንድ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። በየእሑዱ ሠርግ በቪዲዮ ትቀርጽና የቀረጸችውን ለማስቀናበር ጅማ ትልክ ነበር። ጅማ ያለው ሰው የሙሽራዋ ፊት ላይ ቀይ ልብ እያበረረ ይመልስላታል። በመጨረሻ ሥራዋን ለቀቀች። አማን ካለው ቤታቸው የፊት ለፊቱን ክፍል ቀለም ቀብታ "ጽጌሬዳ ቪዲዮ" ብላ ጻፈችበት። የቀራት ኮምፒውተር ብቻ ነበር። በእጇ ያለው ደግሞ አሥራ አራት ሺህ ብር ነው፤ ከዚያ በላይ አንድም የለም።

ባሏ ከፈለኝ የፊዚክስ መምህር ነው። አብሯት ሄደ፤ "የቤት ዕቃ ነውና እኔም ልኑርበት" ብሎ።

"ኮምፒውተሩ ለማን ነው?" ሲሉ ጠየቁ ኢንጂነሩ።

"ለእኔ ነው፤ ለቪዲዮ" አለች ጽጌሬዳ።

"ለሁለታችን ነው" አለ ከፈለኝ። "እኔም ለትምህርት ዝግጅት..."

ኢንጂነሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱት። "ጨዋታው ኳስ ነው መኪና?"

ከፈለኝ ጣሪያውን አየ። "ኳስ" አለ ቀስ ብሎ። "አልፎ አልፎ መኪና።"

"ጎሽ። ለሐኪምና ለእኔ አይዋሽም።" ከዚያ ወደ ጽጌሬዳ ዞሩ። "ስሚ፣ ልጄ። ለቪዲዮ የሚያስፈልግሽ ራም ነው። ራም ማለት የቡና ማስጫ አልጋ ነው በይው። አልጋው ጠባብ ከሆነ ቡናሽ ጥሩ ቢሆንም ጆንያው ውስጥ ይሻግታል። ለእሱ ኳስ ደግሞ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል፤ ሥዕሉን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። ደግነቱ ያንቺንም ቪዲዮ ታግዝልሻለች። ስለዚህ ባልሽን አናባርረውም።"

"ብሩ ይበቃል?" አለች።

"ልብስ ካልገዛንበት ይበቃል። እኔ ግን ምን አገባኝ፣ ገንዘቡ ያንቺ ነው።"

ይህችን የመጨረሻዋን አባባል ሚዛን ውስጥ ያለ ነጋዴ ሁሉ ያውቃታል። ስትባል የሰማ ሻጭ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ክርክሩ ገና መጀመሩ ነውና። የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው ፈሀድ በማግስቱ ሦስቱ ሱቁ ሲገቡ ሲያይ ወንበሩን ሳይጠብቅ ሳበ።

ፈሀድ መደርደሪያው ላይ ጥቁር፣ አብረቅራቂ፣ ከፊት ለፊቱ ሰማያዊ መብራት የሚበራለት ኬዝ፣ የኮምፒውተሩ ዕቃ የሚገጠምበት ቀፎ፣ ነበረው። ከፈለኝ ገና ከበሩ ሳያልፍ ዓይኑ እዚያው ተተከለ።

"ልብሱን አትዩ" አሉ ኢንጂነሩ ዘወር ሳይሉ።

"ሲበራ እኮ..."

"የሚበራ ከፈለግህ አምፖል ግዛ። ፈሀድ፣ ፓወር ሳፕላይ አምጣ።"

ፈሀድ መብራቱን ተቀብለው ለማሽኑ ከሚያከፋፍሉት ሳጥኖች ሁለት ዓይነት አመጣ። ሁለቱም ላይ አምስት መቶ ዋት የሚል ተጽፏል። አንደኛው ግን በዋጋ እጥፍ ነው። ኢንጂነሩ ሁለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው መንገዱን ተሻገሩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ማዶ የሐጂ አባቦራ የቡና መጋዘን አለ። ሐጂ አባቦራ ከጅማ በኩል መጥተው ሠላሳ ዓመት ቡና የነገዱ ሰው ናቸው፤ ትንሿ ሚዛናቸው ከጠረጴዛቸው ላይ አትነሳም።

"ምንድን ነው ሲሞኔ፣ ዛሬ ብረት ትሸጥልኛለህ?" አሉ።

"ይመዝኑልኝ፣ ሐጂ።"

ተመዘነ። ርካሹ የውድዬውን ግማሽ እንኳ አልሞላም።

"ሁለቱም አምስት መቶ ነኝ ይላሉ" አሉ ኢንጂነሩ። "አንደኛው ግን ይዋሻል። ሆዱ ውስጥ መዳብ የለም። ሞተር የሚገድለው ሥራ እንዳይመስላችሁ፤ የመብራት ከፍ ዝቅ ማለት ነው። የአማን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።"

ሐጂ አባቦራ ቀለል ያለውን በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት። "እኔም ዘንድ የሚመጣው እንደዚሁ ነው። ጆንያው ሙሉ፣ ውስጡ ገለባ።" ከዚያ ጽጌሬዳን አዩዋት። "ይህን ሁሉ የምታደርጊው ለሠርግ ቪዲዮ ነው? ጎበዝ። ልጄ ላምያ ስታገባ እጠራሻለሁ።" እሷም ሽማግሌ የተናገረው ነው ብላ በፈገግታ አለፈችው።

ውድዬው ተገዛ። ከብሩ ብዙው በእሱና በራሙ አለቀ፤ ስምንት ጊጋ ራም በዚያን ጊዜ ሚዛን ውስጥ የሚያስወራ ነገር ነበር። ፕሮሰሰሩ ያገለገለ ነው። ግራፊክስ ካርዷም ያገለገለች ስለሆነች ኢንጂነሩ ሳይፈትኗት አንወጣም አሉ። ፈተናው እንዲህ ነበር። ከፈለኝ የፈሀድ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኳስ እንዲጫወት ታዘዘ። ኢንጂነሩ እጃቸውን ካርዷ አጠገብ አድርገው ሙቀቷን ይጠብቃሉ። ባጃጅ ነጂዎች ሥራቸውን ጥለው ሱቁን ሞሉት፤ በከፈለኝና በኮምፒውተሩ መካከል ተከፍለው ይደግፋሉ። ከፈለኝ አራት ለባዶ ተሸነፈ። የራሱ ተማሪዎችም ከተመልካቾቹ መካከል ነበሩ። "ካርዷ ደህና ናት" አሉ ኢንጂነሩ። "ችግሩ ተጫዋቹ ነው።"

ለኬዝ የቀረው ብር ለሰማያዊው መብራት ሽቦ እንኳ አይበቃም። ፈሀድ ከጓሮ ሚስማር ያስቀምጥበት የነበረ፣ የጎን ክዳን የሌለው፣ ጥጉ የዛገ አሮጌ ኬዝ አመጣ። ኢንጂነሩ ሚስማሩን ደፍተው ዕቃውን ሁሉ ገጠሙበት። ሲያበሩት ወዲያው ሠራ።

"ራቁቱን ነው እኮ" አለች ጽጌሬዳ፤ ሽቦው ሁሉ በጎኑ ይታያል።

"ይተንፍስበት። ልብሱን አትዩ አልኩ።"

በባጃጅ አማን ገባ። ቤት የጠበቋቸው የከፈለኝ እናት እማማ ወሰንየለሽ ናቸው። እማማ የጌጫ ሰው ናቸው፤ ብርድ ያውቃሉ። ቤታቸው ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሬዲዮኑ ለብሷል፣ የሶፋው እጅጌ፣ የሻይ ፔርሙዙ ሳይቀር ለብሷል። ኮምፒውተሩን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ይሄ ነው ያን ሁሉ ገንዘብ የበላው? አንጀቱ ሁሉ ተዘርግፎ!"

በዚያው ምሽት ኪሮሻቸውን አወጡ።

ኮምፒውተሩ ግን ሠራ፤ እንዲያውም ከተጠበቀው በላይ። ጽጌሬዳ ክርስትና ቀረጸች፣ ምርቃት ቀረጸች፣ የራሷን ጽሑፍ በራሷ ቀለም አስገባች፤ ማንም ሙሽራ ላይ ልብ አልበረረም። አመሻሹ ላይ ከፈለኝ "የትምህርት ዝግጅቱን" ይጫወታል። መብራቱ ቢወርድ ቢወጣ ማሽኑ ፍንክች አላለም። የሰፈሩ ሰው ሲያመሰግናት "የኢንጂነሩ ምርጫ ነው" ትል ነበር። እሳቸውም በዚያ ሲያልፉ በመስኮት ብቅ ይላሉ። "ልብሱን አላያችሁም አይደል?" ብለው መልሱን ሳይጠብቁ ይሄዳሉ።

ጥር ላይ ሐጂ አባቦራ ቃላቸውን ጠበቁ። ላምያ ልታገባ ነው። ወንድማቸው ከጅማ የታወቀ ስቱዲዮ እናምጣ ቢሉም ሐጂ "ብረት ስታስመዝን ያየኋት ልጅ አለች" ብለው ሥራውን ለጽጌሬዳ ሰጧት። ሠርጉ እሑድ ነው። መልሱ በሳምንቱ እሑድ፣ ዳሱ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ተወጥሮ፣ ፊልሙ በአራት መቶ ሰው ፊት ይታያል።  ይህ ካማረ ከቴፒ እስከ ማጂ የሚያገባ ሁሉ ይጠራታል። ካላማረ ደግሞ ግድግዳው ላይ የጻፈችውን ስሟን በራሷ እጅ ታጠፋዋለች፤ የለቀቀችው ወንበር ላይም ሌላ ሰው ተቀምጦበታል።

የእማማ ዳንቴል ያለቀው በዚያው በጥር መጀመሪያ ነው። አምስት ወር የፈጀ፣ ነጭ፣ መካከሉ ላይ ቀይ ጽጌሬዳ የተሠራበት፣ ማሽኑን ከአናቱ እስከ እግሩ የሚያለብስ። ሥራ ሲያልቅና ማሽኑ ሲጠፋ እማማ ያለብሱታል፤ ጠዋት ጽጌሬዳ ትገልጠዋለች። ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር የሚኖረው እንዲህ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም።

ሐሙስ ጠዋት ሥራው አለቀ። የቀረው ሬንደር የሚሉት ነው፤ ማሽኑ ሁሉን ገጣጥሞ አንድ ፊልም አድርጎ የሚያወጣበት፣ አምስት ሰዓት የሚፈጅ፣ ሰው የማይነካው ሥራ። ጽጌሬዳ አስጀምራው የፊልሙን ማሸጊያ ልታሠራ ወጣች። ስትመለስ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፤ ዳንቴሉን ለብሶ ተቀምጧል። መብራት ሄዶ ነው ብላ ጎረቤት ጠየቀች፤ መብራት አልሄደም። እንደገና አስጀምራ ወጣች። እንደገና ጠፍቶ ጠበቃት።

ኢንጂነሩ መጡ። ጽጌሬዳ ዳንቴሉን አንስታ ሶፋው ላይ አኖረችው። እሳቸው አቧራውን አራገፉ፣ ሽቦውን ነካኩ፣ አስጀምረው አንድ ሰዓት ሙሉ እጃቸውን አጠገቡ አድርገው ቆዩ። ማሽኑ ምንም አልሆነም። "ደህና ነው" ብለው ሄዱ። ዓርብ ጠዋት ጽጌሬዳ ዳሱን ልታይ ወጥታ ስትመለስ ጠፍቷል። ኢንጂነሩ ተመልሰው ራሙን ነቅለው አጸዱ፣ ሠራ፤ ሄዱ፣ ጠፋ።

ወሬው መንገዱን ለመሻገር ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ፈሀድ "ያገለገለ ካርድ ነው፤ እኔ ብዬ ነበር" አለ። እሱ ራሱ የሸጠው መሆኑን ግን አልጨመረም። የሐጂ አባቦራ ወንድም ከፈለኝን መንገድ ላይ አገኙት። "ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት መኪናዬ ጅማ ይሄዳል። ፊልሙ ካልደረሰ የተቀረጸውን እንዳለ ስጡኝ፤ እዚያ ያቀናብሩታል።" በትሕትና ነው የተናገሩት። ጽጌሬዳ ሲነገራት ግን ምሳ አልበላም አለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሩ ሦስተኛ ጊዜ መጥተው ማሽኑን ዞረው ዞረው አዩት።

"ታዲያ ምንድን ነው?" አለች ጽጌሬዳ።

"አላውቅም" አሉ።

ከፈለኝ በኋላ ሲያወራ፣ ሰው የሞተ መስሎኝ ተነሳሁ ይላል። ኢንጂነር ሲሞን "አላውቅም" ሲሉ የሰማ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። የጽጌሬዳ ነገር ግን ግራ የሚያጋባ ነው፤ ከሐሙስ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ትንሽ ያረፈው ያኔ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ አውቃለሁ ባይ ነበርና።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኢንጂነሩ የራሳቸውን ዱካ ይዘው መጡ። "አስጀምሪው። ዛሬ ከእሱ ጋር ነው የምውለው" ብለው አጠገቡ ተቀመጡ። እማማ ወሰንየለሽ በማለዳ ለቅሶ ሄደዋል። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አራት ሆነ፤ ማሽኑ ይሠራል።  አምስት ተኩል ላይ ጽጌሬዳ ከማድ ቤት "ምሳ ደርሷል፣ እጅዎን ይታጠቡ" ብላ ተጣራች። እሳቸውም ወደ ጓሮው ቧንቧ ወጡ።

ጽጌሬዳ ሳህኑን ይዛ ስትመለስ በመስኮቱ በኩል እማማን አየቻቸው። ከለቅሶ መመለሳቸው ነው፤ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። ማሽኑ ፊት ጎንበስ ብለዋል።

"አይ አንተ! ደግሞ ጥለውህ ሄዱ?" ይሉታል። "ሲያንቀጠቅጥህ እያዩ?"

ማሽኑ ሲሠራ የሚያሰማውን ንዝረት ነው እንግዲህ ብርድ ያሉት። ዳንቴሉን አለበሱት። ዳር ዳሩን፣ ሕፃን እንደሚሸፈን፣ እያስገቡ ጠቀጠቁ። ጽጌሬዳ ያኔ ነው የዳንቴሉን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብላ ያየችው፤ ወፍራም ብርድ ልብስ ገበር አለው። ሐሙስ ጠዋት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ዓርብ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት፤ ማሽኑ የሚጠፋው ታፍኖ ሲግል ነው።  ልትጮኽ ምንም አልቀራትም ነበር።

ኢንጂነሩ ግን ቀድመዋት በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከእጃቸው ውኃ ይንጠባጠባል። አይተዋል። አፋቸውን ሲከፍቱ ጽጌሬዳ ዓይኗን ጨፈነች። እኚህ እኮ በአርባ ሰው ፊት "ቀለለኝ" ያሉ ሰው ናቸው። ምላሳቸው ለማንም አዝኖ አያውቅም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስማቸው ሲታማ የሰነበተው ደግሞ በዚህ በዳንቴል ነው።

"እማማ" አሉ። "ይሄን በእጅዎ ነው የሠሩት?"

"በእጄ ነዋ፣ ልጄ። ከነሐሴ ጀምሮ። መካከሉ ላይ ስሟ አለበት፣ አየኸው? ሥራዋን ትታ በዚህ ነገር ተማምና የለ? ብርድ ቢመታውስ ብዬ።"

"ገበርም አለው።"

"የከፈለኝ አባት ብርድ ልብስ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ለማንም አልቆርጠውም ነበር።"

ኢንጂነሩ መዳፋቸውን ዳንቴሉ ላይ አሳረፉ። ሙቀቱ ተሰምቷቸዋል፤ ጽጌሬዳ ከፊታቸው አየችው። ቀስ ብለው፣ አንዷን ክር ሳይስቡ፣ ከማሽኑ ላይ አነሱት።

"ምን ሆነ? ጎዳሁት እንዴ?" አሉ እማማ በድንጋጤ።

"ኧረ እርስዎ ምን አድርገው! ይሄ ለእሱ አይገባውም ብዬ ነው። ብረት ነው፤ ብርድ አያውቅም። የሚበርዳት ቀኑን ሙሉ እዚህ የምትቀመጠው እሷ ናት።" ዳንቴሉን በሁለት እጃቸው ዘርግተው የጽጌሬዳ ወንበር መደገፊያ ላይ አለበሱት፤ ቀዩዋን አበባ ወደ ፊት አድርገው። "ማሽኑን እኔ አለብሰዋለሁ። ራቁቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።"

እማማ ወንበሩን ዞረው አዩት። "እዚህስ ያምራል" አሉ።

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ፊልሙ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሐጂ አባቦራ ወንድም፣ ከፈለኝና "ለማየት ያህል" የመጣው ፈሀድ ክፍሉ ውስጥ ቆመዋል፤ እማማም ሶፋው ላይ ናቸው። ችግሩ ምን እንደነበር ፈሀድ ነው የጠየቀው። ሁሉም ኢንጂነሩን አዩ። ጽጌሬዳ እግሯን አየች።

"የእኔ ጥፋት ነው" አሉ ኢንጂነሩ። "አገጣጠሜን ተሳስቼ ነበር።"

 ፈሀድ ጊዜ አላባከነም። ገና ሳይመሽ "ኢንጂነሩ ተሳሳትኩ አሉ" የሚለው ወሬ በባጃጅ ተሳፍሮ ሚዛንን ዞረ። ብርሃነመስቀል ሳይቀር "ታዲያ የቴፒው ቴሌቪዥንስ?" ማለት ጀመረ።

እሑድ ፊልሙ ታየ። ላምያ ከቤት ስትወጣ አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩበት ቦታ ላይ ዳሱ ጸጥ አለ፤ ሐጂ አባቦራ ያን ጊዜ ማንም ያላያቸው መስሏቸው ነበር። በማግስቱ ጽጌሬዳ ሁለት ሠርግ ተዋዋለች። በዚያው ሳምንት ኢንጂነሩ ከአሮጌ መፈልፈያ የወጣ የወንፊት ቆርቆሮ ቆርጠው ለኮምፒውተሩ የጎን ክዳን ሠሩለት፤ አየር የሚያስገባ፣ አንጀት የሚሸፍን። እማማ ዳሰሱት። "አሁን ሰው መሰለ" አሉ።

ጽጌሬዳ ያየችውን ለከፈለኝ እንኳ አልነገረችም። እኚያ ሰው ውሸት ተናግረዋል ብላ ታስባለች፤ ከዚያ ደግሞ ክዳን የሌለውን ኬዝ ታስታውሳለች። አንዲት አሮጊት እናት ራቁቱን የገባን ነገር ዝም ብላ እንደማታይ ያልገመተ ማን ነበር? ምናልባት እውነታቸውን ነው ትላለች። ወንበሯ ላይ በተደገፈች ቁጥር ዳንቴሉ ጀርባዋን ያሞቃታል።

በዓመቱ ሁለተኛ ኮምፒውተር ልትገዛ ፈሀድ ሱቅ ሄደች። ብሯን በእጇ ይዛ ምንም ሳትነካ በሩን በሩን ታያለች።

"ኢንጂነሩን ነው የምትጠብቂው?" አለ ፈሀድ። "ያኔ ተሳስተውብሽ የለም እንዴ? ራሳቸው እኮ ናቸው ያመኑት!"

"አምነዋል" አለች። "ለዚያ ነው የምጠብቃቸው።"

ፈሀድ አልገባውም፤ እሷም አላስረዳችውም። ኢንጂነር ሲሞን እጃቸውን በሳሙና ፈትገው ገቡ። ሰላምታ ሰጡ፤ "እኔ ምን አገባኝ፣ ገንዘቡ ያንቺ ነው" አሉ። ፈሀድ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ እንደ ልማዱ ሁለት ፓወር ሳፕላይ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ ለሚዛን ተዘጋጅቶ።

እሳቸው ግን ሁለቱንም አልነኩም። አልፈው ኬዞቹ ከተደረደሩበት ፊት ቆሙ።

"መጀመሪያ ልብሱን አሳየኝ" አሉት። "ቤት እማማ አሉ።"